አንድ አንባቢ የሚበቃት ደራሲ

በዚያ ዘመን ደሴ ውስጥ እንግዳ ሰው ሲገኝ መጀመሪያ የሚጠየቀው ስሙ ሳይሆን ዘርፉ ነበር። ድሮ «የማን ልጅ ነህ?» እንደሚባለው «ምን ታነባለህ?» ይባላል። ተጠያቂውም ጉሮሮውን ጠርጎ «ታሪክ» ይላል። ሠርገኛውም ታሪክ፣ ለቀስተኛውም ታሪክ፣ ሥጋ ቤት ወረፋ የያዘውም ታሪክ። በከተማው በብዛት የሚሰማው የፍቅር ዘርፍ መሆኑን ሁሉም ያውቃል፤ የማይታወቀው ማን እንደሚሰማው ብቻ ነው።

«የሚሰማው» መባሉ መጽሐፍ በጆሮ ስለሚገባ ነው። ሰው ከሥራ ሲመለስ ጋደም ይላል፤ አዳዩ የሚባለውም ሥርዓት በተመዘገበበት ዘርፍ አንድ ምዕራፍ ያንቆረቁርለታል። ለወንጀል ጆሮ ፍቅር አይደርሰውም፤ ለፍቅር ጆሮም ወንጀል አይደርሰውም። ጸሐፊ እንደሆነ እንደ አሸን ፈልቷል። ዳቦ ሻጩም ደራሲ ነው፣ ዳቦ ገዢውም ደራሲ ነው፤ ሁሉም ራሱ ይጽፋል፣ ራሱ ያሳትማል። ብርቅ የሆነው ሰሚ ጆሮ ነው። ስለዚህ ማንም ሰው የመጀመሪያ ሥራውን ሲያወጣ አንድ ዘርፍ ይመርጣል፤ አንዴ የመረጠው ዘርፍ ደግሞ እንደ ደም ዓይነቱ ዕድሜ ልኩን አብሮት ይኖራል።

መሬማ ሙሄ ለዚህ ምርጫ ሸዋ በር ካለው የዘርፍ ቢሮ ስትገባ ስልሳ ሊሞላት ትንሽ ቀርቷት ነበር። አማካሪዋ ትንግርት የምትባል ጨዋታ የምትወድ ሴት ናት፤ ወንበር ስባ ሰጠቻትና ሥራዋን ጀመረች።

«እትዬ መሬማ፣ ስንት አንባቢ ይፈልጋሉ?»

«አንድ።»

«አንድ ሺህ?»

«አንድ።»

«መቶ ሺህ ለማለት ፈልገው ነው?»

«አንቺ ልጅ፣ አንድ አልኩሽ! አንድ ሰው። ወንድሜን።»

ትንግርት እጇን ከመጻፊያው ላይ አነሳች። በዚህ ወንበር ላይ ብዙ ዓይነት እብድ አይታለች። አገር ምድሩ ካልሰማኝ የሚል እብድ፣ ውሻዬም ይመዝገብልኝ የሚል እብድ ገጥሟታል። እንዲህ ያለ ልከኛ እብድ ግን አልመጣባትም።

ነገሩ የአባታቸው ድምፅ ነው። አባባ ሙሄ ሲሞቱ፣ እንደ ወጉ፣ ድምፃቸው ቤት ቀረ። ጠዋት ሰው ይቀሰቅሳል፤ ሊዘንብ ሲል «ልብስ አስገቡ!» ይላል። ውርስ ሲከፈል ቤቱ ለመሬማ፣ ድምፁ ለታላቅ ወንድሟ ለይመር ደረሰ፤ ይመርም ድምፁን ይዞ ወደሚኖርበት ኮምቦልቻ ወረደ። ብዙም ሳይቆይ መሬማ ለጉዳይ ኮምቦልቻ ሄዳ የከተማ አውቶቡስ ስትሳፈር፣ ጣሪያው ላይ ካለው ማጉያ አባቷ «ኧረ ወደ ውስጥ ጠጋ ጠጋ በሉ!» ሲሉ ሰማች። የያዘችው ዕቃ ከእጇ ወደቀ። ይመር ድምፁን ለአውቶቡሶቹ ሰጥቶት ኖሯል።

ቀጥታ ቤቱ ሄደች። «አባቴን ወያላ አደረግኸው!» አለችው ገና ከበሩ። እሱም ግትር ነው፤ «የደረሰኝን እንደፈለግኩ አደርጋለሁ» አላት። «ሁለተኛ አላናግርህም፣ አላናግርህም፣ አላናግርህም» አለችው። «እኔም እንደዚያው» አለ። ግድግዳው ይሰማ ነበርና መዘገበው።

የኩርፊያ ሕግ የሚባለው ያኔ ገና ሥራ ላይ መዋሉ ነበር። ሰው «አላናግረውም» ሲል ቃሉ ይከበርለታል። ከዚያ ቀን ወዲህ የይመር ስልክ ለመሬማ አይጠራም። እሷ ሱቅ ውስጥ ካለች በሩ ለእሱ አይከፈትም፤ እሱ የሚያልፍበትን መንገድ የእሷ ታክሲ ይሸሸዋል። እውነት ለመናገር በከተማው ጠብ ቀንሷል። ኩርፊያውን ለማስነሳት ሁለቱ ባንድ ቦታ ተገኝተው «ታርቀናል» ማለት ይጠበቅባቸዋል፤ ባንድ ቦታ እንዳይገኙ ደግሞ ያው ሕግ ይከለክላቸዋል። መሬማ አንድ ጊዜ ሽማግሌ ልካ ነበር። ሽማግሌው ይመር ደጅ ደርሰው ስሟን ሊጠሩ አፋቸውን ሲከፍቱ የያዙት ስልክ እንደ እሳት አደጋ መኪና ጮኸባቸውና፣ ጫማቸውን እንኳ በወጉ ሳያጠልቁ ተመለሱ።

ያልተከለከለው ልብ ወለድ ብቻ ነው። ሕጉን ያወጡት ሰዎች ልብ ወለድ ለሰው መልእክት ሊያደርስ ይችላል ብለው አላሰቡም። መሬማም ይህን ቀዳዳ ካወቀች ጀምሮ ስትጽፍ ከረመች። የምትሠራው ከከተማው ወደ ጦሳ ተራራ በሚወጣው የገመድ መኪና ውስጥ ነው። መኪናው ራሱን በራሱ ይነዳል፤ ተሳፋሪው እንዳይፈራ ግን አንድ ሰው ውስጡ መቀመጥ አለበት ስለተባለ እሷ ትቀመጣለች። ሥራዋ መቀመጥ ነው፣ ጎበዝ ተቀማጭም ናት። ደመና እያቋረጠች፣ ስትወጣ እየጻፈች ስትወርድ እየሰረዘች፣ የሁለቱን ጠብ ከነሥሩ ጽፋ ጨረሰችው።

አሁን ትንግርት ጽሑፉን በየዘርፉ አሞካከረችላት። አዳዩ ማንኛውንም ሥራ ለዘርፉ እንዲስማማ አድርጎ ያርመዋል። በፍቅር ዘርፍ ይመር ተሰረዘና በቦታው ደረተ ሰፊ የአውቶቡስ ሹፌር ገባ፤ ዝናብም ተጨመረበት።

«ይሄ ደግሞ ማነው?» አለች መሬማ።

«አፍቃሪዎ ናቸው።»

«ሱብሃነላህ! በዚህ ዕድሜዬ? አውጪልኝ!»

በወንጀል ዘርፍ ይመር ሁለተኛው ምዕራፍ ላይ ሬሳ ሆኖ ተገኘ።

«ወንድሜን ለምን ገደላችሁት?»

«ያለ ሬሳ አይሆንም፣ እትዬ። ካልፈለጉ ሚስትየዋን እንግደላት?»

መሬማ እዚህ ላይ ትንሽ አመነታች። ሉባባን ለማስገደል አይደለም። ከልጅነቷ ጀምሮ ስትመኘው የኖረችው የወንጀል ዘርፍ ስለሆነ ነው። ኢንስፔክተር አስማረ የሚባል፣ ምርኩዝ የሚይዝ፣ ቅመም የበዛበት ወጥ የማይወድ መርማሪ በሐሳቧ ፈጥራ ስንት ዓመት አብራው ኖራለች። ያልጻፈችው አንድ ቀን በደንብ እጽፈዋለሁ ብላ ነው። «መሬማ ሙሄ» የሚለው ስም በደሴ ጆሮ ሁሉ ሲገባ ታልመው ነበር።

«ታሪክን አሳይኝ» አለች ራሷን ገትታ።

በታሪክ ዘርፍ አባባ ሙሄ የአንድ ንጉሥ አዋጅ ነጋሪ ሆነው ነጋሪት ሲያስጎስሙ ተገኙ።

«አባቴ እኮ የበግ ደላላ ነበር።»

«ታሪክ ውስጥ ደላላ የለም፣ እትዬ። ለመሆኑ ወንድምዎ ምን ያነባሉ?»

«ታሪክ ነው የሚለው።»

ሁለቱ ሴቶች ተያዩ። ትንግርት ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ ያው ሥራ በሌላ ዘርፍ ዳግም እንደማይወጣ፣ ከሳተች እንደሳተች እንደምትቀር ነገረቻት። መሬማ «እንግዲያው ላጣራ» ብላ ወጣች።

የምታጣራው ከይመር ሚስት ከሉባባ ነው። ከሉባባ ጋር አልተኳረፉም፤ ወሬ ማውራት ይችላሉ፣ ለይመር መልእክት መላክ ግን አይችሉም። በማግሥቱ መኪናው ደመና ውስጥ እንዳለ ደወለችላት።

«ሉባባ፣ ባልሽ ምንድን ነው የሚያነበው?»

«ታሪክ ነዋ! የጦር ታሪክ። ቁርስ ላይ ስለ መድፍ ነው የሚያወራኝ።»

«ስለ የትኛው መድፍ?»

«መድፍ መድፍ ነው እንጂ! እኔ ምን አውቄ።»

«ለመሆኑ ደህና ነው?»

«ኧረ ተይኝ እቴ! ሰውዬው እየጃጀብኝ ነው። ትናንት ዶሮዬን ‹ቀበሮ ደጅ ቢያንኳኳ እንዳትከፍቺለት› ሲላት ሰማሁት። ወላሂ! ባለፈው በግ ሊገዛ ወጥቶ ባዶ እጁን መጣ። ምነው ስለው ‹ብልህ ይመስላል፣ አሳዘነኝ› አይለኝ መሰለሽ?»

መሬማ ጆሮዋን ቀሰረች። «ያቺ የልጅ ልጃችሁስ እንዴት ናት?»

«አዳማ እናቷ ጋ ከገባች ቆየች። የእሷ የልጆች ተረት እስካሁን በየቀኑ ቤት ይመጣል፤ አቋርጠው ብለው ‹ክረምት ስትመጣ ትሰማዋለች፣ ምን ቸገረሽ› ይለኛል። ባዶ ክፍል ውስጥ ለማን እንደሚወራ እንጃ።»

«ይመር በዚያ ሰዓት የት ነው የሚሆነው?»

«እዚያው ክፍል ነው እንጂ፣ መድፉን ሊያነብ ገብቶ።»

መሬማ ሳቋ አመለጣት። ኮምቦልቻ ገበያ ውስጥ ድምፁ ሲሰማ ሰው ቀጥ የሚልለት፣ ያ ጢማም ይመር፣ በሕፃን አልጋ ጠርዝ ላይ ተቀምጦ ስለ ጥንቸልና ስለ ዝንጀሮ ሲሰማ ታያት። ከሳቋ በኋላ ግን ወንድሟ ናፈቃት፤ ከተኳረፉ ወዲህ እንዲህ ናፍቋት አያውቅም።

«ሉባባ፣ ናፍቆኛል በይው» ስትል መስመሩ ድርግም አለ።

ከሥራ ስትወጣ ቢሮው ተመልሳ «ተረት» አለች። ትንግርት አልሰማሁም ብላ ደግማ አስደገመቻት፤ ከዚያም ያለ ወትሮዋ ኮስተር አለች።

«እትዬ መሬማ፣ ያስቡበት። የልጆች ተረት የደራሲ ስም አይጠራበትም። ተረት የአገር ነው ይባላል። ደግሞም ዕድሜ ልክዎን ከተረት አይወጡም። ሌላ ያሰቡት ሥራ ካለ ዛሬ ተሰናበቱት ማለት ነው።»

«አለኝ» አለች መሬማ፤ ስለ ኢንስፔክተር አስማረ ልትነግራት ፈልጋ ተወችው። «ይሁን። አንድ አንባቢ ነው የፈለግኩት፣ እሱ ደግሞ እዚያ ነው ያለው።»

ወደ ቤቷ ስትሄድ እውነተኛ ሰው የሞተባት ያህል አዘነች። ኢንስፔክተሩ ምርኩዙን ይዞ ሙጋድ ሰፈር ዳገቱ ላይ ቆሞ ሲያያት ይታወቃት ነበር። ዞራ አላየችውም፤ ብታየው ሐሳቧን የምትለውጥ መስሏት ፈራች።

ተረት መጻፍ እንደ ጠበቀችው ቀላል አልሆነም። ሰው አይገባበትም፣ እንስሳ ብቻ ነው። ልቅሶም ከአንድ መስመር እንዳይበልጥ ታዝዟል። ገመዱ ላይ ስትመላለስ ሰንብታ በመጨረሻ እንዲህ አለች፦

«ጎርናና ድምፅ ያለው አንድ አውራ ዶሮ ነበር። ሲሞት ድምፁን ለወንድ ልጁ ተወለት። ልጁም ድምፁን ለነፋስ ሰጠው፤ ነፋስም ይዞት በየመንደሩ ዞረ። እህቱ ዶሮ ‹የአባታችንን ድምፅ ለማንም በተንከው› ብላ ተቆጣች፤ ተራራ ላይ ወጥታም ቀረች። ሲውል ሲያድር ግን ድምፁ ናፈቃት። የዕረፍት ቀኗን እየጠበቀች ሹልክ ብላ ወደ ቆላ ትወርዳለች። ነፋሱን ተከትላ ከመንደር መንደር ስትሰማ ትውላለች። ወንድሟ ደጃፍ አጠገብ ስትደርስ ግን ታፍርና ትመለሳለች። አንድ ቀን ‹ደግ አደረግህ፣ ወንድሜ› ልትለው ትፈልጋለች።»

ይህን የሚያውቅ ሰው የለም። ለሉባባም ትንፍሽ ብላ አታውቅም። ግን እውነት ነበር፤ መሬማ በዕረፍት ቀኗ ኮምቦልቻ ወርዳ አውቶቡሱን ከጫፍ ጫፍ ተሳፍራ ትውል ነበር። አባቷ «ጠጋ ጠጋ በሉ» ሲሉ ትጠጋለች፤ «ወራጅ አለ?» ሲሉ በልቧ «የለም» ትላቸዋለች።

«መጨረሻው የት አለ?» ሲል አዳዩ ጠየቃት።

«አላውቀውም።»

«ተረት ያለ ትምህርት አይወጣም።»

«እንግዲያው ‹ያኩራፊ ምሳ እራት ይሆናል› ብለህ ጻፍበት» አለችው ተናድዳ። አዳዩ አሰበበትና ከሰባት ዓመት በታች ላሉ ሕፃናት ተስማሚ ነው ብሎ ለቀቀው።

ከዚያ መጠበቅ ሆነ። አንድ የወልድያ ሕፃን «ዶሮዋ ሞኝ ናት» የሚል አስተያየት ላከች፤ ሌላ ሕፃን ለምን ቀበሮ የለበትም ብሎ አለቀሰ። ከይመር ወገን ምንም የለም። መሬማ የሳትኩ መሰለኝ ብላ ምግብ አልበላ አላት። ኢንስፔክተሩንም ወንድሟንም ባንድ ጊዜ ያጣች መስሎ ታያት፤ ራሷንም ረገመች።

አንድ ጠዋት የገመድ መኪናው ተሳፋሪ ሞልቶ ወደ ጦሳ ሲወጣ፣ ዳገቱ አጋማሽ ላይ ቀጥ አለና ወደ ኋላ መመለስ ጀመረ። «ያኮረፉት ሰው በአቅራቢያዎ ስላለ ጉዞው ተቋርጧል» አለ ለስላሳ ድምፅ፤ «ስለ ሰላምዎ እናመሰግናለን።» ተሳፋሪው «ማነው ያኮረፈው?» ብሎ ይተያይ ጀመር። መሬማ በመስኮቱ ወደ ታች አየች። በእግር መንገዱ ላይ ኮቱን ትከሻው ላይ የጣለ ጢማም ሽማግሌ፣ በየሦስት እርምጃው እየቆመና እየተነፈሰ ዳገቱን ይወጣል። ደሴ ከገባ ወዲህ ታክሲውም የገመድ መኪናውም አልጭንም ብለውት፣ ጉልበቱን አምኖ ነው የመጣው።

ከመቀመጫዋ በላይ አንድ ቀይ የእጅ ፍሬን አለ። ማንም ነክቶት አያውቅም፤ ስለዚህ የሚሠራ አይመስላትም ነበር። በሁለት እጇ ተንጠለጠለችበት። መኪናው ተንቀጥቅጦ፣ ዳገቱ ወደ ገመዱ ከፍ በሚልበት ቦታ፣ ከሰው ቁመት ትንሽ ከፍ ብሎ ቆመ። በሩን ሁለት ተሳፋሪዎች ገፍተው ከፈቱላት።

«መሬማ!» አለ ይመር ከታች።

«ወንድምጋሼ!»

«አውራው ዶሮ ለምንድን ነው እንደዚህ ደደብ የሆነው?»

«ተረት ነው እኮ!»

«እኔ ነኝ!»

«ማን ነገረህ? አንተ የጦር ታሪክ አይደለህ እንዴ የምታነበው?»

ተሳፋሪው ሳቀ። ይመር ግራና ቀኝ አየና ድምፁን ቀነሰ። «ሉባባ እንዳትሰማ» አለ። ከዚያ እጆቹን ዘረጋ። «ውረጂ። እይዝሻለሁ።»

ዘለለች። አልያዛትም፤ ወይም በቅጡ አልያዛትም። ተያይዘው ሳሩ ላይ ተንከባለሉና እንደወደቁ ተቃቀፉ። ከላይ መኪናው ስለ ሰላማቸው ማመስገኑን አላቋረጠም። 

«ለምን እንደሰጠሁት ጠይቀሽኝ አታውቂም» አለ ይመር ትንፋሹ ሲመለስ።

«ለምን ሰጠኸው?»

«ቤት ውስጥ አልቻልኩትማ። ጠዋት ‹ይመር፣ ተነስ› ይለኛል፤ ተነስቼ የማየው ግድግዳ ነው። ሉባባ ፊት ማልቀስ አፈርኩ። ለአውቶቡስ ልስጠው አልኩ፤ ሲናፍቀኝ እሳፈራለሁ፣ እዚያ ሰው ሁሉ በየራሱ ወሬ ላይ ነው፣ ማንም አያየኝም።»

መሬማ በአባቷ ስም የጮኸችበትን ሁሉ አስታውሳ ፊቷን በነጠላዋ ሸፈነች። ይመር ደግሞ ሰው ሲያለቅስ ማየት ስለማይችል ወሬ ለመቀየር ተጣደፈ።

«አውቶቡሱ ደህና ነው፤ ማክሰኞ ማክሰኞ ብቻ ነው የሚያበሽቀኝ። ፌርማታ ላይ እጄን ዘርግቼ ቆሜ፣ እያየኝ፣ ሳይቆም ሽው ይላል! በየሳምንቱ! ሹፌር የለውም እንጂ ጎትቼ ባወረድኩት ነበር። ከኋላው ሆኜ ያልሰደብኩት ስድብ የለም።»

መሬማ ነጠላዋን ከፊቷ ላይ አወረደች። ማክሰኞ የዕረፍት ቀኗ ነው።

«ወንድምጋሼ፣ ማክሰኞ ውስጡ ያለሁት እኔ ነኝ።»

ይመር «ያ ሁሉ ስድብ ለአንቺ ነበር?» አላት።

«ለእኔ ነበር» አለች፤ እንባዋ እየወረደ ትስቅ ነበር። «በል አሁን እዚሁ ስደበኝ፤ እሰማሃለሁ።»